«ደጋግሜ አንብቤው ነበር እኮ!»

የሚድ ውጤት በተሰጠ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር አለ። «ደጋግሜ አንብቤው ነበር እኮ!» ተማሪው ይለዋል። እናቱም «ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ነው ያደረው» ብላ ትጨምርበታለች። ከዚያ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይደርሳሉ፦ እንግዲህ ለፋይናል ከዚህ በላይ ማንበብ ነው። ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህ አስተሳሰብ ያበላሸብኝን ተማሪ ያህል ስንፍና አላበላሸብኝም። መስማቱ ስለሰለቸኝ ዛሬ ልጽፈው ነው። ከእሱ በፊት ግን አብረውት የሚመጡትን ትናንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

«ሚድ ከተበላሸ ፋይናል አያድነውም።»

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡና አስሉት። ሚዱ የተያዘው ከ30 ነው እንበል፤ ያገኛችሁት ደግሞ 12። የጠፋው 18 ነው። 70ው ገና አልተነካም። ከ70 ውስጥ 50 ብታመጡ ድምሩ 62 ይሆናል፤ 58 ብታመጡ 70 ይገባል። የእናንተ ትምህርት ቤት አያያዝ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት። አንዳንዴ ስሌቱ ደስ የማይል ነገር ይነግራችኋል፤ እሱንም ማወቅ ይሻላል። አንድ ልጅ «በ5 ትምህርት ወድቄያለሁ» ብሎ እያለቀሰ መጣ። ቁጭ ብለን ስናሰላው በእውነት የሚያሰጉት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። ለፋይናል የቀሩትን 3 ሳምንታት ለ5ቱም እኩል ሊያካፍል ነበር የመጣው።

«ለሒሳብ አልተፈጠርኩም።»

የአንድ ቀን ፈተና ስለ አፈጣጠራችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በፊት ሳይያዝ የታለፈ ነገርን ነው። ኳድራቲክ እኩልታ ፈጽሞ አልገባኝም የምትል ልጅ ነበረችኝ። ስትሠራ ዝም ብዬ አየኋት። ዘዴውን አሳምራ ታውቀዋለች። ችግሩ ቅንፍ ስትፈታ ነው፤ ከፊት ያለውን የመቀነስ ምልክት ለመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ትሰጥና ሁለተኛውን ትተወዋለች። ለማስተካከል 3 ቀን ፈጀብን። እሷ ግን 2 ዓመት ሙሉ ጭንቅላት የለኝም ስትል ኖራለች።

«እኔ በዓይኔ ካላየሁ አይገባኝም፣ እሱ ደግሞ በጆሮው ነው።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ገምግመው፣ ተማሪን በዓይነት ከፍሎ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። ይለፍ።

«ሳይተኙ ማደር ጉብዝና ነው።» ቀን የተማራችሁትን አንጎላችሁ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን ከቆረጣችሁ ያጠናችሁትን እየቆረጣችሁ ነው።

«አስጠኚ ከተቀጠረለት ያልፋል።» ይህን የምለው አስጠኚ ሆኜ ነው። እኔ ስሠራ ልጁ ቢያይ የሚጎብዘው እኔ ነኝ። ጥሩ አስጠኚ እስክሪብቶውን ለተማሪው ሰጥቶ ዝም ማለት የሚችል ሰው ነው። ልጃችሁ ከጥናት ሲመለስ «ምን አስጠናህ?» አትበሉት። «ዛሬ አንተ ራስህ ምን ሠራህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው። «ደጋግሜ ካነበብኩት ይያዝልኛል።»

አይያዝም። ቢያንስ እናንተ በምታስቡት መንገድ አይያዝም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን በ4 ክፍለ ጊዜ አነበበው፣ አነበበው፣ አነበበው፤ በአማካይ 14 ጊዜ ያህል። ሌላው ቡድን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበ፤ በቀሩት 3 ክፍለ ጊዜዎች ጽሑፉ ተወስዶበት ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት የያዙት 40 በመቶ ሲሆን ባዶ ወረቀት ላይ የጻፉት 61 በመቶ ያዙ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር ነው። በደንብ እናስታውሰዋለን ብለው ይበልጥ እርግጠኛ የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከራሳችሁ ሕይወት ታውቁታላችሁ። ሁልጊዜ የምታዩት ሰው አለ፤ ፊቱን ገና ከሩቅ ትለዩታላችሁ፤ ስሙ ማን ነው ስትባሉ ግን አይመጣም። ደብተራችሁም እንደዚሁ ነው። አምስተኛ ጊዜ ስትገልጡት ገጹ ይለመዳችኋል፣ በቢጫ ሃይላይተር ያሰመራችሁበት ቦታ ሁሉ ይታወሳችኋል፣ ዓይናችሁ ሳይደናቀፍ ይሄዳል፤ ያኔ «አውቄዋለሁ» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ፈተናው ግን ደብተሩን አያሳያችሁም፤ ስሙን ነው የሚጠይቃችሁ።

ተማሪ ከፈተና ሲወጣ «ያነበብኩት አልመጣም» ይላል። ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ካጠናሁት ቦታ አልተጠየቅኩም፣ ሌላው ደግሞ ተጠይቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የሁለተኛውን መልስ ልንገራችሁ። ቤትም አልመጣም ነበር። ደብተሩ ፊታችሁ ተከፍቶ ስለነበር «ና» ያለው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ደብተሩን ዝጉት። አንድ ርዕስ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ አስተውላችሁ አንብቡ። ከዚያ ዝጉና የምታስታውሱትን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ በጣም ትንሽ ነው የሚወጣው፤ አትደንግጡ፣ ያ ማጣጣር ራሱ ነው ጥናቱ። ከዚያ ደብተሩን ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በነጋታው የጎደለውን ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ከ3 ቀን በኋላ እንደገና፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ገና በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የተማርነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ለዚህ ነው በነጋታው መመለስ ያለባችሁ። ሒሳብና ፊዚክስ ከሆነ ደግሞ ጥያቄዎቹን ከተለያዩ ምዕራፎች ቀላቅላችሁ ሥሩ። የምዕራፍ 4 መልመጃ ስትሠሩ የምዕራፍ 4 ፎርሙላ እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ፋይናል ላይ ይህን የሚነግራችሁ የለም።

ከየት ልጀምር ነው ጥያቄው? ከተመለሰው የፈተና ወረቀት። ከ30 12 የተጻፈበትን፣ አጣጥፋችሁ ቦርሳ ሥር የደበቃችሁትን ወረቀት ነው የምለው። «ያለፈ ነገር ነው፣ አይቼው ምን ላደርግ» የሚለውም ሌላው ስሕተት ነው፤ ከደጋግሞ ማንበቡ ቀጥሎ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ስለ እናንተ፣ በእናንተ እጅ፣ የተጻፈ እንደዚህ ያለ መረጃ ሌላ ቦታ የለም። እኔም ተማሪ ሳለሁ የፊዚክስ ሚድ ወረቀቴን አፍሬበት ቀድጄ ጣልኩት። ያው የተሳሳትኩት ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ ፋይናል ላይ መጣ፤ ያንኑ ስሕተት ደገምኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወረቀቱን አውጡና እያንዳንዱ ኤክስ አጠገብ ለምን እንደተሳሳታችሁ ጻፉ። አላውቀውም ነበር? አውቀው ነበር ግን አልመጣልኝም? ጥያቄውን በትክክል አላነበብኩም? ስሌት ወይም ሰዓት ነው ያበላሸብኝ? አራቱ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። የማታውቁትን መማር አለባችሁ፤ አልመጣ ያለውን ከላይ እንዳልኩት ደብተር ዘግታችሁ ጥሩት፤ ሰዓት ያጠረባችሁ ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ ፈተና መለማመድ አለባችሁ። ጥያቄ የማያስተውል ልጅ ግን መጽሐፉን በቃሉ ቢወጣውም አይድንም። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ከ100 41 ያገኘ፣ ባዮሎጂ አልገባኝም የሚል። ወረቀቱን ስናየው «የማይሆነው የቱ ነው?» ከሚሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹን የሚሆነውን መርጦ ነው የሳታቸው። ባዮሎጂውን ያውቃል! አባቱ ግን በቀን 2 ሰዓት ተጨማሪ ንባብ አዘውለት ነበር። ያስቀረነው ንባቡን ነው። «አይደለም»፣ «በስተቀር»፣ «የማይ...» የሚሉትን ቃላት ሁሉ እንዲከብባቸው አደረግን፤ በየቀኑ 10 ጥያቄ፣ ሌላ ምንም። ፋይናል ላይ 68 አመጣ።

ወላጆች፣ እባካችሁ ወረቀቱ ሲመጣ መጀመሪያ ቁጥሩን አይታችሁ አትጩኹ። የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳመጣም አትጠይቁ። ከጮኻችሁ የሚቀጥለውን ወረቀት አታዩትም፤ ልጁም ራሱ አያየውም።

ወረቀቱ ካልተመለሰላችሁ ወይም ከጠፋባችሁ መምህሩን ከክፍል በኋላ ጠብቋቸው። «ማርክ ይጨምሩልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ብዙ መምህራን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። «የት የት ላይ እንደተሳሳትኩ ማየት እፈልጋለሁ፣ 10 ደቂቃ ይበቃኛል» በሏቸው። እስክሪብቶና ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።