«ከፍሎ ነው የተሳለው»፦ አልበምና የጋዜጣ ካርቱን ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ በርጫ ላይ ተቀምጠናል። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አዞረልን፤ የአሜሪካ ጋዜጣ ላይ የወጣ ባለ አራት ሳጥን ካርቱን ነው። ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ አንድ ሽማግሌ የአንድ አንጋፋ ዘፋኝ አዲስ አልበም ይዟል። የአልበሙ ሽፋን ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ባርኔጣና ሁለት መስመር ጢም፣ በቃ። ክርክሩ ግን እስከ ማታ አላለቀም፤ ከተባለው ደግሞ ግማሹ ስህተት ነበር።

«ዋሪያ፣ ከፍሎ ነው የገባው!» እኛ አገር አዲስ ካሴት ሲወጣ ፖስተሩም የሬዲዮ ማስታወቂያውም በገንዘብ ስለሆነ እንዲህ ማሰቡ አይገርምም። የጋዜጣ ኮሚክ ገንዘብ ግን የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ካርቱኒስቱ ሥራውን ለአከፋፋይ ድርጅት ይሰጣል፣ አከፋፋዩ ለጋዜጦች ይሸጣል፣ ከፋዮቹ ጋዜጦቹ ናቸው። የአሜሪካዊው ካርቱኒስት የቻርልስ ሹልዝ «ፒናትስ» የተባለው ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ1950 በ7 ጋዜጦች ጀምሮ ኋላ ከ2,600 በላይ ጋዜጦች ላይ ይወጣ ነበር። እንዲህ የሚኖር ሰው ሳጥኑን ለማስታወቂያ የሚያከራይበት ምክንያት ብዙም የለውም።

«እንግዲያው ዘፋኙን ስለሚወደው ነው።» እሱም ሁልጊዜ አይሠራም። የፒናትሱ ፒያኖ ተጫዋች ልጅ ሽሮደር የሙዚቃ ደራሲውን ቤትሆቨንን ያመልካል። ሹልዝ ራሱ የሚያደላው ለሌላው የሙዚቃ ደራሲ ለብራምስ ነበር፤ ቤትሆቨንን የመረጠው ስሙ ይበልጥ ስለሚያስቅ ነው። ካርቱኒስት መጀመሪያ የሚፈልገው ቀልዱን ነው።

«ቢሆንም መሳል ክብር ነው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካዊው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ ከአሜሪካ መንግሥት ትልቅ ሜዳሊያ፣ ከአንድ ኮሌጅም የክብር ዶክትሬት ተቀበለ። በዚያው ሰሞን ጋሪ ትሩዶ «ዱንስበሪ» በተባለው ኮሚኩ ውስጥ፣ ሲናትራ ስማቸው ከማፍያ ጋር ከሚነሳ ሰዎች ጋር የተነሳውን ፎቶ አስገባበት። አንዳንድ ጋዜጦች ፈርተው አላወጡትም። ትሩዶ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ በፖለቲካ ካርቱን ዘርፍ ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ያገኘ ሰው ነው፤ ለጋዜጣ ኮሚክ ይህ ሽልማት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። «ካርቱን የልጅ ነገር ነው» ያለው ወዳጄም መልሱን እዚሁ ያገኛል።

«አልበሙ ትናንት ወጣ፣ ዛሬ ሳሉት።» የለም። ኮሚክ እንደ ዜና አይሮጥም፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በፊት ተስሎ ያልቃል፣ ባለ ቀለሙ የእሁዱ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ሹልዝ ያረፈው እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2000 ማታ ነው፤ የመጨረሻው የእሁድ ካርቱኑ በማግስቱ ታተመ። ሰውየው የለም፣ ሥራው ገና አንባቢ እጅ መግባቱ ነው። ስለዚህ አልበሙ በወጣበት ሳምንት ካርቱን ውስጥ ከታየ ካርቱኒስቱ ቀደም ብሎ ወሬውን ሰምቷል ማለት ነው።

«የካርቱን ዘፋኝ የእውነት አልበም የለውም» የሚልም ነበር። የዱንስበሪው ሮከር ጂሚ ተድፐከር የወረቀት ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ግን በስሙ የምር ሸክላ ወጣ። ከኮሚክ መጽሔት የተወለዱት «አርቺስ» የተባሉት የባንድ ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ አራት ሳምንት አንደኛ ሆነው ቆይተዋል። ስሙን ከዘፈን ያገኘ ዘፋኝ ያለው የድሬ ሰው በዚህ መገረም የለበትም፤ ዓሊ መሐመድ «ቢራ» የተባለው በዘፈኑ ነው።

«ታሪክን በሳጥን መሳል የፈረንጅ ጥበብ ነው።» ይሄኛው አናደደኝ፣ አልደብቅም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍሎ፣ ከየሳጥኑ ሥር በአማርኛ ጽፎ የሚያሳየው ሥዕል የማን ነው? ቱሪስት በጥቅልል ተሸክሞት ሲሄድ አይተነው እንኳ ኮሚክ ብለን አንጠራውም።

ይህን ስል ባለ ስልኩ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብራማውን ወረቀት አወጣ። ጀርባውን አራት ቦታ ከፍሎ ዓሊ ቢራን መሳል ጀመረ። ፊቱ መጣለት። ዑዱ ግን ክራር መስሎ ወጣና በርጫው እንደገና ተደባለቀ።