ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጥ ሲቆርጥ፦ ስለ አውቶሜትድ ቴስቲንግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤቲኤም ፊት ቆማችኋል እንበል። ፒን አስገባችሁ፣ 2000 ብር ጠየቃችሁ። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። “ግብይቱ አልተሳካም” ብሎ ካርዱን መለሰ። ወዲያው ስልካችሁ ጢን አለ፦ ከሂሳብዎ 2000 ብር ተቀንሷል።

ሥራዬ የባንክ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ይቺን ታሪክ ከዘመድ ወይ ከጎረቤት ሳልሰማ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄአለሁ። “ቆይ ግን፣ ሳትፈትሹት ነው እንዴ የምትለቁት?” ይሉኛል። እንፈትሻለን። ግን ስለ ፍተሻ የሚወራው ብዙው ነገር፣ እኛው ቢሮ ውስጥ የሚወራውን ጨምሮ፣ የተሳሳተ ነው።

“አውቶሜት ካደረግነው ቴስተር አያስፈልግም”

አውቶሜትድ ቴስት ማለት ሰው አንዴ ያሰበውን ጥያቄ ማሽን ደጋግሞ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬም መሥራቱን ለማየት፣ ማለትም ለሪግሬሽን፣ ወደር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ቢደጋግም አይሰለቸውም። ያልተነገረውን ግን አይጠይቅም።

አንድ ጊዜ የሂሳብ መክፈቻ ፎርም ስንፈትሽ ሁሉም ቴስት አረንጓዴ ሆነ። ደስ ብሎን ልንለቀው ስንል አንዲት ባልደረባችን በእጇ ትነካካው ጀመር። የራሷን የልደት ቀን አስገባች፦ ጳጉሜን 3። ፎርሙ እምቢ አለ። የወሩ ዝርዝር ነሐሴ ላይ ያበቃ ነበር። ቴስቱን የጻፍነው ሁላችንም የጥርና የግንቦት ልጆች ነበርንና ማንም አላሰበውም። ዛሬ ያ ቴስት አውቶሜት ሆኗል፣ በየሌሊቱ ይሮጣል። ያገኘችው ግን እሷ ናት።

“ሰርቪስ ቨርቹዋላይዜሽን ሞክ ነው፣ ሞክ ደግሞ ማታለያ ነው”

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፣ የኤቲኤሙም ነገር ያለው እዚህ ነውና።

የባንክ ሲስተም ብቻውን አይኖርም። የደንበኞችን ሂሳብ የሚይዘው ኮር ባንኪንግ አለ፣ ኤቲኤሞቹን የሚመራ ሲስተም አለ፣ የሌላ ባንክ ካርድ ሲገባ ባንኮቹን የሚያገናኝ ስዊች አለ፣ ኤስኤምኤስ የሚልክም አለ። አንዱን ለመፈተሽ ሌሎቹ ሁሉ መኖር አለባቸው። ካልኖሩ ጠባያቸውን የሚያሳይ ምትክ እናቆማለን። ሰርቪስ ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው።

ሞክ ዴቨሎፐሩ ኮዱ ውስጥ አስቀምጧት አንዲት ፋንክሽን፣ ማለትም አንዲት የኮድ ቁራጭ፣ ለመሞከር የሚጠቀምባት አስመሳይ ናት። ምትክ ሰርቪስ ግን የራሱን አድራሻና ፖርት ይዞ ኔትወርክ ላይ ይቆማል። እውነተኛው ሲስተም የሚናገረውን ቋንቋ ይናገራል። የቀደመውንም ያስታውሳል፦ 3000 ብር ካለው ሂሳብ 2000 ከወጣ በኋላ ሌላ 2000 ብትጠይቁት አይበቃም ይላችኋል። አፕሊኬሽናችን ከማን ጋር እንደሚያወራ አያውቅም። የምንቀይረው ኮንፊገሬሽኑ ላይ ያለችውን አድራሻ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ኤቲኤሙ እንመለስ። የካርድ ሲስተሞች የሚነጋገሩበት ስታንዳርድ አይኤስኦ 8583 ይባላል። እያንዳንዱ መልእክት ዓይነቱን በሚነግር አራት አሃዝ ይጀምራል። 0200 “ይህን ብር ልስጠው?” የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ 0210 ነው። በውስጡ ያለው የመልስ ኮድ 00 ከሆነ ተፈቅዷል፣ 51 ከሆነ ሂሳቡ አይበቃም፣ 91 ከሆነ የካርዱ ባንክ አልተገኘም።

እናም 0200 ሄደ። የደንበኛው ባንክ ብሩን ቀነሰ፣ 0210 ላከ። መልሱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ኤቲኤሙ የሚጠብቅበት ሰኮንድ አለቀና ብሩን ሳይሰጥ ተወው። ይሄኔ 0420 መሄድ አለበት። ሪቨርሳል ይሉታል፣ “ያልኩህን ሰርዝ፣ ብሩን መልስ” እንደማለት ነው። ይሄ በትክክል ከሠራ ደንበኛው ጥቂት ይደነግጣል እንጂ ብሩ ይመለስለታል።

ሪቨርሳሉ ራሱ ቢጠፋስ? መልስ ስላልመጣ ሁለት ጊዜ ቢላክና ባንኩ ሁለቴ ቢመልስስ? ሪቨርሳሉ ከተላከ በኋላ የዘገየው 0210 “ተፈቅዷል” እያለ ቢደርስስ? እነዚህን እንዴት ትፈትሻላችሁ? መቼም ለእውነተኛው ስዊች ደውሎ “እባክህ ሦስተኛውን ግብይት 40 ሰኮንድ አቆይልኝ፣ አራተኛውን ደግሞ ዋጠው” አይባልም። ምትኩን ግን ልክ እንዲህ ብሎ ማዘዝ ይቻላል፣ ሌሊት፣ ማንንም ሳያስቸግሩ።

ብዙ ሰው ምትክ የሚቆመው እውነተኛው ሲታጣ ብቻ ይመስለዋል። እኔ እውነተኛው አጠገቤ ቢሆንም ምትኩን እፈልገዋለሁ። እውነተኛው በፈለግኩበት ሰኮንድ አይበላሽልኝም።

“በምትኩ ላይ ካለፈ በእውነተኛውም ላይ ያልፋል”

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሽ ስህተት ነው፣ ከላይ ያለውን ካነበቡ በኋላ የሚመጣ።

ከባንክ ትንሽ ወጣ ልበል። በጁን 1996 እ.ኤ.አ. አሪያን 5 የተባለው የአውሮፓ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጊያና ተተኮሰ። ደቂቃ ሳይሞላው ፈነዳ። የሮኬቱን አቋምና እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌሩን የወረሰው ከአሪያን 4 ነበር። አዲሱ ሮኬት ወደ ጎን የሚጓዝበት ፍጥነት ከፊተኛው ይበልጣል። በ64 ቢት የተያዘውን ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀይሩት አልገባ አለ፣ መሣሪያው ሥራ አቆመ። እኔን የሚገርመኝ መርማሪ ቦርዱ ያገኘው ሌላው ነገር ነው፦ መሬት ላይ ሲስተሙ በሙሉ ሲፈተሽ ያ መሣሪያ በቦታው አልነበረም። ጠባዩን የሚያስመስል ሶፍትዌር ነበር የተተካው። ምትኩ ደግሞ የዋናው ችግር አልነበረበትም።

ምትክ የሚያውቀው ያስተማራችሁትን ብቻ ነው። የውጭው ድርጅት አንድ ፊልድ ቢቀይር ምትካችሁ የአምናውን መልስ እየሰጠ ቴስቱን ሁሉ አረንጓዴ ያደርግላችኋል። ስለዚህ ጥቂት ቴስቶች በየጊዜው ከእውነተኛው ጋር መሮጥ አለባቸው፣ ምትኩ አሁንም ዋናውን መምሰሉን ለማየት ብቻ። ኮንትራት ቴስት ይባላሉ። ብዙ መሆን የለባቸውም።

“ጭነቱንም ሞክረነዋል”

ብዙ ሰው በአንዴ ሲጠቀም ሲስተሙ መቻሉን ማለታቸው ነው። በምንድን ነው የሞከራችሁት? በአምስት ሚሊሰኮንድ የሚመልስ ምትክ አቁማችሁ ከሆነ የለካችሁት የራሳችሁን ሲስተም ብቻ ነው። እውነተኛው በደመወዝ ቀን ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅበት ከሎግ፣ ማለትም ሲስተሙ ከሚጽፈው መዝገብ፣ አይታችሁ ምትኩን በዚያው ልክ አዘግዩት።

መሣሪያው እውነተኛ ቢሆንም ግማሹን መሞከር አይበቃም። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በኤፕሪል 2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ብዙዎቹ ሂሳባቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው። በኋላ በተደረገው ማጣራት ሲስተሙ ከሁለት ዳታ ሴንተሮች የሚሠራ ሆኖ ሳለ የጭነት ሙከራው የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ እንደነበር ተገለጸ። ተቆጣጣሪዎቹ በዲሴምበር 2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

“ቴስት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው”

አይደለም። በተለይ ሁሉንም በስክሪን በኩል ለማድረግ ከተሞከረ። ብሮውዘሩን እንደ ሰው የሚነካካው ሴሌኒየም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ግን አንድ በተን ቦታ ሲቀይር ሃምሳ ቴስት ይወድቃል። ከዚህ የባሰው አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ቴስት ነው። ሰው ቀይ ባየ ቁጥር “ባክህ ድጋሚ አስሩጠው” ማለት ከለመደ፣ እውነተኛው ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) የመጣ ዕለትም ያንኑ ነው የሚለው። እኔ እንዲህ ያለውን ወይ አስተካክላለሁ ወይ እደመስሰዋለሁ።

“ይሄ የሀብታም ድርጅት ቅንጦት ነው”

ድሮ ትንሽ እውነትነት ነበረው፣ ለሰርቪስ ቨርቹዋላይዜሽን የሚሸጡት የንግድ ምርቶች ውድ ናቸው። ዛሬ ግን በኤችቲቲፒ (በድረ ገጽ ቋንቋ) ለሚነጋገሩ ሲስተሞች ምትክ የሚያቆም ዋየርሞክ አለ፣ ነፃ ነው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ለአይኤስኦ 8583 ዋየርሞክ አይሆንም፤ ጄፖስ የተባለውን ኦፕን ሶርስ የጃቫ ላይብረሪ ይዞ የራስን አስመሳይ ስዊች መጻፍ ያስፈልጋል። እሱ ሳምንታት ይወስዳል፣ አልዋሽም።

ሰው የሚረሳው ወጪ ሌላ ነው። ምትኩን ለማስተማር ከፕሮዳክሽን፣ ማለትም ደንበኞች ከሚጠቀሙበት ሲስተም፣ መልእክት ቀድቶ መውሰድ ያጓጓል። በዚያ መልእክት ውስጥ ግን የሰው የካርድ ቁጥር አለ። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው የካርድ ደህንነት ስታንዳርድ የእውነተኛ ካርድ ቁጥር እንዲሁ ወደ ፍተሻ ሰርቨር እንዲገባ አይፈቅድም። ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ቁጥሩን የሚቀይር ስክሪፕት ጻፉ። የተቀየረው ቁጥርም የመጨረሻው አሃዝ በትክክል የተሰላ ይሁን፣ አለበለዚያ ሲስተሙ ገና በር ላይ ይመልሰዋል። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ቀን ሙሉ የሌለ ባግ ስንፈልግ ከርመናል።