ያልበቀለ ሣር ሲካስ፦ ኤልኤፍፒ ምንድን ነው?

በድርቅ የሞቱ ላሞችን መቁጠር ይቻላል፤ ዝናብ በመቅረቱ ሳይበቅል የቀረ ሣር ግን በምን ይቆጠራል? የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ «ላይቭስቶክ ፎሬጅ ዲዛስተር ፕሮግራም»፣ በምህጻሩ ኤልኤፍፒ፣ የተባለው ለከብት አርቢዎች የሚሰጥ ድጎማ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው የግብርና ሕግ ተጀምሮ በ2014 ቋሚ የሆነ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ነው። ለሞቱ እንስሳት የሚከፍለው ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ክፍያው የሚፈቀደው ባለሙያ መስክ ወርዶ የእያንዳንዱን አርቢ ሣር ለክቶ ሳይሆን፣ በየሳምንቱ ሐሙስ የሚወጣውን የአገሪቱን የድርቅ ካርታ በማየት ነው። የግጦሽ መሬቱ የሚገኝበት ካውንቲ (ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ) በመደበኛው የግጦሽ ወቅት ዲ3 የሚባለው የከፋ የድርቅ ደረጃ ላይ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከደረሰ የሦስት ወር ክፍያ ይፈቀዳል፤ ዲ3 ቢያንስ አራት ሳምንት ከቆየ ወይም የመጨረሻው ደረጃ ዲ4 ከታየ አራት ወር፣ ዲ4 አራት ሳምንት ከቆየ ደግሞ አምስት ወር ይሆናል። ከእነዚህ ዝቅ ያለው ዲ2 ቀድሞ ስምንት ተከታታይ ሳምንት መቆየት ነበረበት፤ በ2025 የወጣው ሕግ ግን ለአንድ ወር ክፍያ አራት ተከታታይ ሳምንት በቂ እንዲሆን አድርጓል።

እዚህ ላይ አንድ አከራካሪ ነገር አለ። ካርታው በካውንቲው አንድ ጥግ ላይ ብቻ የድርቅ ቀለም ቢያሳይ እንኳ መላው ካውንቲ ብቁ ስለሚሆን፣ ዝናብ ያገኘ አርቢም ማመልከት ይችላል። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል አንዳንድ ካውንቲዎች እጅግ ሰፊ በመሆናቸው ነገሩ ቀላል አይደለም። በእኔ እምነት ግን መስክ ለመስክ እየዞሩ ሣር መለካት ከዚህ የባሰ ወጪና ጭቅጭቅ ያመጣ ነበር።

የገንዘቡ መጠን የሚሰላው አርቢው ድርቆሽ በገዛበት ዋጋ ሳይሆን ለዓመቱ በወጣው አገር አቀፍ የመኖ ተመን ነው። የከብቱ የወር መኖ ወጪና መሬቱ በደህና ጊዜ ሊመግብ የሚችለው ከብት የወር መኖ ወጪ ተነጻጽረው ከሁለቱ ያነሰው ይወሰዳል፤ የሚከፈለውም የዚያ 60 በመቶ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው 100 ላሞች ኖረውት መሬቱ የሚችለው 80 ብቻ ቢሆን፣ ተመኑም ለአንድ ላም በወር 60 ዶላር ነው ብንል፣ 80 በ60 ተባዝቶ 4,800 ዶላር ይመጣል፤ የዚህ 60 በመቶ 2,880 ዶላር ሲሆን የሦስት ወሩ 8,640 ዶላር ይሆናል። በድርቁ ምክንያት ቀድሞ የተሸጡ ከብቶችም በተቀነሰ ተመን ይታሰባሉ። አንድ ሰው በዓመት ሊያገኝ የሚችለው ጣሪያ 125,000 ዶላር ነው።

በካርታና በመለኪያ ላይ ተመሥርቶ መክፈል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ቦረና ውስጥ የተጀመረው የእንስሳት መድን የግጦሹን አረንጓዴነት በሳተላይት እያየ የሚከፍል ነው። ልዩነቱ የቦረናው አርብቶ አደር ዋስትና ለማግኘት አስቀድሞ አረቦን መክፈል ሲኖርበት፣ የአሜሪካው አርቢ ለኤልኤፍፒ ምንም አረቦን አለመክፈሉ ነው።