ጄኔሬተርን ከፍንዳታ መጠበቅ ሲባል ብዙ ሰው የሚስተው

“ብረት አይደል እንዴ፣ ምን ይሆናል?” ብረቱስ እሺ ብዙም ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26፣ 1993 ኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ፈንጂ የጫነ ቫን ሲፈነዳ ጄኔሬተሮቹ እኮ ተነስተው ነበር፣ ግን የማቀዝቀዣ ውሃ መስመራቸው ተበጥሶ ስለነበር ሞቀው ሞቀው ብዙም ሳይቆዩ ቀጥ አሉ። ከዛ ያ ሁሉ ሺ ሰው ጭስ በሞላው ጨለማ ደረጃ እየተደናበረ ወረደ፣ አንዳንዱ ሰዓታት ነው የፈጀበት። ስለዚህ ሞተሩን ብቻ ማየት የለብንም፣ ውሃው ነዳጁ የማስነሻ ባትሪው ኬብሉ፣ ከነዚህ አንዱ ከሄደ ሞተሩ ቢተርፍም ምን ዋጋ አለው።

“በኮንክሪት ግጥም አድርጎ መዝጋት ነዋ!” ወንድሜ ዲዝል ሞተር አየር ይፈልጋል፣ ራዲያተሩ ደግሞ ከሱም በላይ። ከዘጋኸው ፍንዳታ ሳይደርስበት ሙቀት ይጨርሰዋል። ክፍቱን መተው ግድ ነው፣ ግን የፍንዳታው ግፊትም በዛው ይገባል፣ ስለዚህ የአየር ማስገቢያውን ከመንገድና ከፓርኪንግ ወደ ጀርባ ታዞረዋለህ፣ አቅም ካለም ግፊት ሲመጣ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አለ።

“ጠንካራ ግድግዳ ካለ ርቀት አያስፈልግም” የሚሉም አሉ። ግፊቱ ግድግዳውን ዞሮም ዘሎም ይመጣል። ርቀት ግን ርካሽ ነው፣ እጥፍ ስትርቅ የሚደርስብህ ግፊት ከግማሽም ያንሳል። የአሜሪካኖቹ የአደጋ ጊዜ መስሪያ ቤት፣ የፌማ፣ መመሪያ ከፓርኪንግ፣ ከዋና መግቢያና ከእቃ ማራገፊያ ቢያንስ 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ገደማ ይላል። አዲስ አበባ ቤዝመንት ውስጥ መኪኖች መሀል ተተክሎ፣ የነዳጅ በርሜሉ አጠገቡ የተቀመጠ ጄኔሬተር ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል።

“ጣሪያ ላይ ከወጣ በቃ” ጥሩ ቦታ ነው፣ አልክድም። ግን ነዳጁ ከየት ነው የሚመጣው? እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ አውሎ ነፋስ ጊዜ የኒውዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል ጄኔሬተሮች 13ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ፣ የነዳጅ ፓምፖቹ ግን ምድር ቤት፣ ጎርፍ ገባባቸውና ወታደሮች ነዳጅ በደረጃ ተሸክመው አወጡ። ያ ጎርፍ ነው፣ ታች ቦምብ ቢሆንም ፓምፑ ያው ይሄዳል።

“ሁለት አለን” ጎን ለጎን ከሆኑ አንድ ናቸው። የመደበኛው መብራት ቦርድና የጄኔሬተሩ ቼንጅ ኦቨርም (መብራት ሲሄድ ወደ ጄኔሬተር የሚቀይረው ማብሪያ) አንድ ክፍል ከሆኑ እንደዛው።

“ጄኔሬተሩ ካለ የደረጃው መብራት አያሳስብም” የሚለውን ደግሞ ከ1993ቱ በኋላ የህንፃው ባለቤቶች ራሳቸው ትተውታል፣ ደረጃዎቹ ላይ የራሳቸው ባትሪ ያላቸው መብራቶች ገጥመው በጨለማ የሚያበራ ቀለም ቀቡ።