ጣውንት፣ መሬትና ማረሻ፦ ብዙ ስለማግባት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከአንድ በላይ ማግባት ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ወንዶች አመል ያመራል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መሬቱንና ጉልበቱን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ሰው የሚላቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ድሮ ወንድ ሁሉ ብዙ ሚስት ነበረው»

አልነበረውም። በአንትሮፖሎጂ መዛግብት ውስጥ 1,200 ያህል ማኅበረሰቦች ተመዝግበዋል። ከ80 በመቶ የሚበልጡት ወንድ ከአንድ በላይ እንዲያገባ ይፈቅዳሉ። መፍቀድ ሌላ፣ ማግባት ሌላ። በእነዚያም ማኅበረሰቦች አብዛኛው ወንድ የሚኖረው ከአንድ ሚስት ጋር ነው። ሁለተኛ ሚስት የሚያመጣው ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጥ ከብት ያለው ሰው ነው።

ግን ወንድና ሴት በቁጥር ከተቀራረቡ ለአንዱ ሁለት እንዴት ይደርሰዋል? ሚስጥሩ ዕድሜ ላይ ነው። ልጃገረዶቹ በለጋነታቸው ይዳራሉ። ወንዶቹ ከብት እስኪያፈሩ ዓመታት ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ሁለተኛ ሚስት የሚያገኘው ጎረምሳው ሳያገባ ስለሚቆይ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የልጅቷ ነገር ነው። ሥርዓቱ የቆመው እሷ ገና ልጅ ሳለች በመዳሯ ላይ ነው።

«ከወንድ ስሜት ሌላ ምክንያት የለውም»

ኢስተር ቦስረፕ የምትባል የዴንማርክ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ትኩረት የሚስብ ነገር አሳየች። በዶማና በመቆፈሪያ በሚታረስባቸው ብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች አብዛኛውን የእርሻ ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እዚያ ሚስት በጨመረ ቁጥር የሚለማው መሬትም እህሉም ይጨምራል። በሬ ጠምዶ ማረስ ግን በአመዛኙ የወንድ ሥራ ነው። ማረሻ በገባበት አገር ሌላ ሚስት ማምጣት ያን ያህል ጥቅም የለውም። የእኛም ደጋ የማረሻ አገር ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳለ ሆኖ፣ በገበሬው ዘንድ አንድ ለአንድ መኖር የበረታው በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

«ይህ የእስልምና ልማድ ነው»

ከእስልምና በፊት የነበረ ነው። አብርሃምም ያዕቆብም ከአንድ በላይ ሴት በቤታቸው ነበረች። ቁርኣን ቁጥሩን በአራት ወሰነ፤ በመካከላቸው ፍትሐዊ መሆን ለማይችል ደግሞ አንዲት ብቻ አለ። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ቱኒዚያ እ.ኤ.አ. በ1956 ልማዱን በሕግ ከለከለች። በአውሮፓ አይሁዶች ዘንድ ክልከላው የሚነገረው ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው በረቢ ጌርሾም ስም ነው። የየመን አይሁዶች ግን አልተቀበሉትም፤ ወደ እስራኤል ሲገቡ ሁለት ሚስት ይዘው የመጡ ነበሩ። ቻድን ደግሞ ተመልከቱ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ እዚያ ብዙ ሚስት ባለበት ቤት የሚኖሩት ከክርስቲያኖች 21 በመቶ፣ ከሙስሊሞች 10 በመቶ ናቸው።

«ሴት ብዙ ባል ኖሯት አያውቅም»

በቲቤትና በሰሜን ኔፓል ወንድማማቾች አንዲት ሴት አብረው ያገባሉ። እዚያ የሚታረስ መሬት ጠባብ ነው። ለየብቻ ቢያገቡ ርስቱ ተቆራርሶ ያልቃል። አብረው ሲያገቡ መሬቱ ሳይከፈል ይቆያል፤ አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ከብት ይጠብቃል፣ አንዱ ይነግዳል። ይህ ግን የሴት የበላይነት አይደለም። በቤቱ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ ወንድም ነው።

«በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ አልነበረም»

ፍትሐ ነገሥት ይከለክላል። ቤተ መንግሥቱ ግን ሁልጊዜ አልታዘዘም። ቀኝ በዓልቲሐትና ግራ በዓልቲሐት የሚባሉት የንግሥቶች ማዕረጎች ንጉሡ ከአንድ በላይ ሚስት እንደነበረው ይመሰክራሉ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በጋብቻቸው ምክንያት ፊት ለፊት የገሠጹ መነኮሳት ተገርፈዋል፣ ተግዘዋል። የእነሱ ድፍረት ዛሬም ያስደንቀኛል።

«አሁን ቀርቷል»

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ካገቡ ሴቶች 11 በመቶዎቹ ባላቸው ሌላ ሚስት እንዳለው ተናግረዋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉም ይቀጣል፤ ነገር ግን ጋብቻው የአካባቢው የቤተሰብ ሕግ በሚቀበለው የሃይማኖት ወይም የባህል ልማድ የተፈጸመ ከሆነ አይቀጣም። ስለዚህ የሁለተኛዋ ሚስት መብት እንደምትኖርበት ክልል ይለያያል።