ሮክቪል ያለው የአይሁድ አረጋውያን መንደር፦ ኑሮውና በጎ ፈቃደኞቹ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ሮክቪል ሞንትሮዝ መንገድ አጠገብ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ቻርልስ ኢ. ስሚዝ ላይፍ ኮሚዩኒቲስ ይባላል። ስሙ ስለሚረዝም ብዙ ሰው "ሂብሩ ሆም" ብሎ ይገላገላል፣ ምንም እንኳ ሂብሩ ሆም ግቢው ውስጥ ካሉት ቤቶች አንዱ ብቻ ቢሆንም። ስሚዝ ማነው ካላችሁ፣ ቨርጂኒያ ያለውን ክሪስታል ሲቲን የገነባው የሕንፃ ነጋዴ ነው። እዚያ ታክሲ የነዳ ሀበሻ ሁሉ ስሙን ባያውቀውም ሥራውን አይቶለታል።

ድርጅቱ ትርፍ የማያካብት ሲሆን የተመሠረተው በ1910 ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች እያረጁ ነበር። ለድሆች በተሠራ የመንግሥት መጠለያ ውስጥ ደግሞ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ የለም፣ የእነዚያን አይሁዶች ቋንቋ ዪዲሽን የሚናገር የለም፣ ቅዳሜን ቅዳሜ ብሎ የሚያከብር የለም። መጀመሪያ በ1914 ኤም ስትሪት ላይ አንድ ቤት ተከፈተ። በ1925 ወደ ስፕሪንግ ሮድ ተዛወሩ። የስደተኞቹ ልጆች ሀብት ሲያፈሩና ወደ ሜሪላንድ ሲወጡ ቤቱም ተከተላቸውና በ1969 ሮክቪል ገባ፤ የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከሉም የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቱም እዚያው ጎረቤት ሆኑ። መዋኛው፣ ቲያትሩ፣ የሕፃናት መዋያው፣ አረጋዊው ሁሉ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ከግቢው ነገር ሁሉ ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው፤ ሽማግሌን ከከተማ ዳር ወስዶ አለማስቀመጥ።

ሰው በአቅሙ ልክ ነው የሚኖረው። ሪንግ ሃውስና ሬቪትዝ ሃውስ ራሳቸውን ለሚችሉ ሰዎች የተሠሩ አፓርታማዎች ናቸው፤ ሬቪትዝ ላይ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የፌዴራል መንግሥት የኪራይ ድጎማ አለ። ላንዳው ሃውስ መጠነኛ እገዛ ለሚሹ፣ ኮኸን-ሮዘን ሃውስ የማስታወስ ችሎታቸው ለደከመ ነው። ሂብሩ ሆም የሚባለው ደግሞ ነርስ ሃያ አራት ሰዓት የማይለይበት ቤትና ከሆስፒታል የወጣ ሰው የሚያገግምበት ቦታ ነው። ለመግባት አይሁድ መሆን ግዴታ አይደለም።

የሳምንቱ ልብ ዓርብ ማታ ነው። ፀሐይ ስትገባ ሰንበት ይገባል። ሻማ ይበራል፣ ግን እንዲህ ባለ ቤት ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው ስላለ ብዙ ጊዜ ሻማው በባትሪ የሚሠራ ነው። ወይን ይባረካል፣ ኻላ የሚባለው የተጎነጎነ ዳቦ ይቆረሳል። አጥባቂዎቹ በሰንበት የሊፍት ቁልፍ ስለማይጫኑ፣ አጥባቂ በሚበዛባቸው ሕንፃዎች ሊፍቱ በየፎቁ ራሱ እየቆመ እንዲሄድ ተደርጎ ይስተካከላል። ፎቁ ብዙ ከሆነ ለቸኮለ ሰው መከራ ነው። በአይሁድ ፋሲካ ደግሞ እርሾ ያለበት ነገር ሁሉ ለስምንት ቀን ከቤት ይወጣል፤ በእራቱ ላይ ስለ በዓሉ በልማድ የሚጠየቁትን አራት ጥያቄዎች የሚጠይቀው በዕድሜ ትንሹ ሰው ነው፤ የልጅ ልጅ ያልመጣበት ጠረጴዛ ላይ "ትንሹ" የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ሊሆን ይችላል።

ወደ በጎ ፈቃዱ እንምጣ። በዕብራይስጥ "ሚጽቫ" ትእዛዝ ማለት ነው፣ በተራው ንግግር ግን በጎ ሥራም ሚጽቫ ይባላል። የእኛው ምጽዋት ከዚያው ግንድ በአይሁድ አራማይክ በኩል ወደ ግዕዝ እንደገባ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። ለድሃ መስጠትን "ጸዳቃ" የሚሉትም ከጽድቅ ጋር ሥሩ አንድ ነው። በሽተኛ መጠየቅ ራሱን የቻለ ግዴታ ሲሆን "ቢኩር ሖሊም" ይባላል፤ እኛ ብርቱካን ይዘን ሆስፒታል የምንሄድባት ነገር ማለት ናት። ብርቱካኑ እዚህም ችግር የለውም። ቤት የተሠራ ዶሮ ወጥ ይዞ የጋራ ምግብ ቤት መግባት ግን አይሆንም፤ በኮሸር ሕግ ሥጋና ወተት የሚለያይበት ወጥ ቤት ከውጭ የተበሰለ ነገር አይቀበልም።

እንዲህ ባለ ቤት የበጎ ፈቃደኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ትንሽ የሚመስል ነው። ሰውን በዊልቸር ወደ ምኩራብ ማድረስና መመለስ፣ ዓይኑ ለደከመ ጋዜጣ ማንበብ፣ ለማህጆንግ አራተኛ ተጫዋች መሆን፣ ስልክ ላይ የልጅ ልጅን ፎቶ ፈልጎ ማሳየት። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ከአልጋ ማንሳት አይፈቀድለትም። ያ ደመወዝ የሚከፈላቸውና ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች ሥራ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ጂኤንኤ (የአረጋውያን ነርስ ረዳት) ይባላሉ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ በዚህ ሙያ ሀበሻ ብዙ ነው። ለመጀመር ፎርም ይሞላል፣ ማንነት ይጣራል፣ የቲቢ ምርመራ ይጠየቃል፣ ገለጻ ይሰጣል። ዝም ብሎ በር ማንኳኳት የለም።

ወጣቶች የሚመጡበት ሌላ ምክንያትም አለ። ሜሪላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያለ ማኅበረሰብ አገልግሎት እንዳይመረቁ በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ 75 ሰዓት ይጠየቃል። ልጆቻችሁ "ኤስኤስኤል (የተማሪ አገልግሎት) ሰዓት ቀረኝ" ብለው ሲያለቅሱ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ለሰዓት ብሎ የመጣ ልጅ ስልኩ ላይ ተደፍቶ የሚውልበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ግን የጦርነት ዘመን የሚያስታውሱ ሴትዮ አጠገብ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሳያስበው ተስቦ የሚቀርም አለ።

በፈረንጆቹ የገና ቀን፣ በታኅሣሥ 25፣ ነገሩ ይገለበጣል። የገና በዓል የሌላው ሰው ስለሆነ በዋሽንግተን አይሁዶች ያን ቀን ወጥተው ያገለግላሉ። በዓል ላይ ሰው ይጎርፋል፣ በየካቲት ብርድ ግን ማንም የለም፤ ይህ የአረጋውያን ቤት ሁሉ ችግር ነው። ከሁሉ የከፋው ግን 2020 ነበር። በመጋቢት የፌዴራል መንግሥቱ በመላ አገሪቱ የነርሲንግ ቤቶች ጠያቂንም በጎ ፈቃደኛንም እንዳያስገቡ አዘዘ። የጠያቂ ገደቡ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በኅዳር 2021 ነው። ያኔ ሰው በመስኮት ነበር የሚጠየቀው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸውም የሚያገለግሉ መሆናቸውን ነው። ከ1987ቱ የፌዴራል ሕግ ወዲህ የነርሲንግ ቤት ነዋሪዎች የራሳቸውን ምክር ቤት የማቋቋም መብት አላቸው፤ ስለ ሾርባው መቅጠን ሳይቀር ለአስተዳደሩ ያቀርባሉ። አዲስ ገቢ የሚቀበል፣ ሹራብ ሠርቶ የሚሰጥ፣ ድሮ መምህር የነበረና ሌላውን የሚያስተምር አለ። ጸሎትም አለ። አንዳንድ ጸሎቶች፣ ለሞተ ሰው የሚባለው ካዲሽም ጭምር፣ አሥር አዋቂ ካልተሟላ አይባሉም። ይህ ቁጥር ሚንያን ይባላል። አጥባቂዎቹ ወንድ ብቻ ይቆጥራሉ፣ ሌሎቹ ሴትም ይቆጥራሉ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሲጎድል ፍለጋው ይጀመራል። በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይደወላል፣ "ጉልበቴን አሞኛል" ያሉት የዘጠና ዓመቱ ሰውዬም "አሥረኛው አንተ ነህ" ሲባሉ እያጉረመረሙ ኮፍያቸውን ፈልገው ይመጣሉ።