ሦስቱ ጆከሮች አይተዋወቁም፦ ሪቡት እና ቀጣይ ክፍል

ሐዋሳ ያለን ጓደኞች ስለ ባትማን ፊልሞች ጠላት «ጆከር እንዴት ሌላ ሰው ሆነ?» እያልን ስንት ጊዜ ተነታረክን! ትናንትም አሞራ ገደል የዓሣው ሾርባ እስኪቀዘቅዝ።

ቀጣይ ክፍል በቆመው ቤት ላይ ፎቅ መጨመር ነው፤ የሞተ ሞቷል፣ የተጣላም እንደተጣላ ነው። ሪቡት ደግሞ ቤቱን አፍርሶ በዚያው ካርታ እንደ አዲስ መሥራት ነው። የባትማን ስም ይቀራል፣ ታሪኩ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

የተዋናዮቹ የሂዝ ሌጀር (እ.ኤ.አ. 2008)፣ የዋኪን ፊኒክስ (2019) እና የባሪ ኪዮጋን (2022) ጆከሮች በሦስት የተለያዩ ቤቶች ይኖራሉ። አንዱ ያጠፋውን ሌላው አያውቅም። የፊኒክስ የ2024 ፊልም ግን የ2019ኙ ቀጣይ ነው፤ ጆከሩ ለፍርድ የቀረበው በዚያኛው ፊልም በፈጸመው ግድያ ነው።

ተዋናይ ስለተቀየረ ብቻ ሪቡት ነው አትበሉ፤ እኔም በዚህ ተሸውጃለሁ። አረንጓዴውን ግዙፍ ጀግና ሀልክን በ2008 ኤድዋርድ ኖርተን፣ በ2012 ማርክ ሩፋሎ ተጫወቱት፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው እርግጥ ነው። የተለያዩ ቤቶችን ዓለማት ማደባለቅ ግን እንደ ስቱዲዮው ፍላጎት ነው፦ በ2002ቱ የስፓይደርማን ፊልም የሞተው ጠላቱ ግሪን ጎብሊን፣ በሌላ ቤት በሚኖረው በ2021ዱ ስፓይደርማን ላይ ተመልሶ መጥቷል፣ ያውም በራሱ በዊሌም ዳፎ።